ጎሚስታው ጥጋቡና ዛፍ ላይ የቀረችው ልጅ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር መጀመሪያ የሚጠራው የፈጣሪን ስም ነው፤ ቀጥሎ የጥጋቡን። ጥጋቡ ጎሚስታ ነው። ከሰሜን ሸዋ ለአንድ ወቅት ጥጥ ለቀማ ብሎ ቆላ ወርዶ፣ ያ አንድ ወቅት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖበት እዚያው የቀረ ሰው ነው። ክንዱ የሌላውን ሰው ጭን ያህላል፤ የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን አንስቶ ያቆማል። አንድ ጊዜ አየር እየሞላ ሳለ ጎማው ፈንድቶ የብረት ቀለበቱ በጆሮው ሥር ተወንጭፎ የቆርቆሮ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሰፈሩ እሪ ብሎ ሲበተን ጥጋቡ ቀና ብሎ ቀዳዳውን አየና፣ ድሮም እዚያ ጋ ያፈስ ነበር ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ልብ ወለድ መጽሐፍ አቀብሉትና ጉዱን እዩ።

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ደህና ነው። መኪና በሌለበት ሰዓት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ እንደ ወረዳ ሹም ተዝናንቶ ያነባል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ክፉ ነገር መጠጋት ሲጀምር ግን የጥጋቡ ትንፋሽ ያጥራል። መዳፉ ያልበዋል። ጉልበቱ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ዓይኑ ቀድሞ ሮጦ መጥፎውን ነገር እንዳያይ የገጹን ታችኛውን ግማሽ በእጁ ይሸፍናል። ያም ካልበጀው መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና የከባድ መኪና ቸርኬ ይጭንበታል። ቸርኬው ለምንድነው ብትሉት፣ ንፋስ እንዳይገልጠው ነው ይላል። አዋሽ ላይ ንፋስ የለም አይባልም፣ ግን የተዘጋ መጽሐፍ ገልጦ ምዕራፍ የሚያስነብብ ንፋስ እስካሁን አልተሰማም።

እቤቱ ውስጥ እንዲህ ተጀምረው የቀሩ አሥራ ሰባት መጽሐፎች አሉ። በእያንዳንዳቸው መሀል ጎማ ውስጥ ከሚገባው ከመነዳሪ የተቆረጠች ጥቁር ቁራጭ እንደ ምልክት ተሰክታለች፤ ሁሉም ላይ ነገሩ የሚከርበት ቦታ ላይ ናት። ሚስቱ ተስፋነሽ ለጎረቤት ስታወራ፣ የእኔ ባል መጽሐፍ አያነብም፣ መጽሐፍ ያስራል ትላለች። እሷ የምትቀልደው ዝም ብላ አይደለም። ባሏ አንድ ሰሞን ቁርሱን እየተወ ሲተክዝባት ሴት የያዘ መስሏት ስንት ቀን ተከታትላዋለች። የተገኘችው ሴት ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ እስር ቤት የገባች ባልቴት ሆነች። ጤና ጣቢያም ሄዶ ደም ግፊቱ ሲለካ ነርሷ ደነገጠችና ጨው ያበዛ እንደሆነ ጠየቀችው። ጥጋቡ አንገቱን ደፍቶ፣ ጨው አይደለም እህቴ፣ አንድ ሰው ተከሶብኝ ፍርዱን እየጠበቅሁ ነው አላት። ነርሷም አዝና የዘመድ ነገር ከባድ ነው ብላ ሸኘችው።

ታዲያ ለምን አይተወውም? እሱስ ቢሆን መች ጠላ! ሳያነብ ሁለት ሳምንት ከቆየ ደግሞ ምግብ አይጥመውም፤ ሰው ያጣ ይመስል ይቁነጠነጣል። ከሾፌሮቹ ግን አጥብቆ ደብቆታል። መጽሐፎቹን ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብጦ፣ ምንድነው ሲሉት የጎማ ካታሎግ ነው ይላል። ካታሎግ ሲያነብ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ጎሚስታ በዚያ መንገድ ላይ እሱ የመጀመሪያው ነው።

መጽሐፎቹን የምታውሰው ራኬብ ናት። ራኬብ ሰመራ አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ወላጆቿ አዳማ ያሉ ልጅ ናት። ቤተሰብ ልትጠይቅ ስትመላለስ አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል። አንድ ቀን ይህን ግዙፍ ሰው ካታሎጉን ደረቱ ላይ ለጥፎ በረጅሙ ሲተነፍስ አይታ ጠጋ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ባለፈች ቁጥር አንድ መጽሐፍ ጥላለት ታልፋለች። ባለፈው ሐምሌ አንዱን ስትሰጠው፣ ጋሽ ጥጋቡ፣ ይህን እንኳ ይጨርሱት ብላ ተማጸነችው። እሱም ማለ። ማለ እንጂ!

መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ሉላ ትባላለች። እናቷን ፍለጋ ብቻዋን የተነሳች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በክረምት አዋሽን ልትሻገር መሀል ስትደርስ ደራሽ ውሃ መጣባት፤ እንደ ምንም ብላ ወንዙ መሀል የቆመ ዛፍ ላይ ወጣች። ሰው ቢያየኝ ብላ ቀይ ሻሿን ግራ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ላይ አሰረች። ሁለት ቀን ሳትበላ ቆየች። ትኩሳት ያዛት። ከሥሯ አዞ አለ። በመጨረሻ ውሃው ግንዱን መነቅነቅ ጀመረ። ይህን ጊዜ ደራሲው፣ ጨካኙ፣ ምዕራፉን ዘጋና በሚቀጥለው ምዕራፍ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳ ስለሚበላ ነጋዴ ማውራት ጀመረ።

ጥጋቡ የነጋዴውን የመጀመሪያ ጉርሻ እንኳ አልጨረሰም። መጽሐፉን ዘጋ፣ ቸርኬውን ጫነ፣ ቤቱ ገብቶ ተኛ። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ! ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ወደ ደጋው በኩል ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር፣ ይኼ ሁሉ ውሃ በእሷ ላይ ሊወርድ ነው እያለ ይብሰለሰላል። ተስፋነሽ አንዱን ቀን ብስጭት ብላ፣ ሁለት ገጽ ብትገልጥ እኮ ታውቀዋለህ አለችው። እሱም ክፉ ሰው እንዳየ አያት።

በሦስተኛው ቀን አብዱናሲር መጣ። አብዱናሲር የአፋር ልጅ ነው፤ ከአዋሽ እስከ ድንበሯ ገላፊ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዳ ሃያ ዓመቱ ነው፤ የጥጋቡ የአሥራ አራት ዓመት ወዳጅ ነው። ጎማው ተንፍሶ ነበርና ጥጋቡ ፈትቶ ከለጠፈው በኋላ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሁለቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ አንድ ነገር ልበል። አፋር ሰው ሲያገኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። ይቀመጣል፤ ያየውን ያወራል፣ የሰማውን ያወራል፣ ከማን እንደሰማ ይናገራል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ያዳምጣል። የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለቀጣዩ ያደርሳል። ስልክ ሲመጣ ዳጉ ይሞታል ያሉ ነበሩ፤ ስልክ እግር ሆነለት እንጂ ምን ገደለው! ውሸት የቀላቀለ ሰው ግን አለቀለት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተቃጥሎ ቢጮህ እንኳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጥጋቡ የደጋ ሰው ሆኖ ሳለ በዚህ መንገድ ላይ ቃሉ የሚታመን ሰው ሆኗል። የትኛው ድልድይ ተሰበረ፣ የማን ግመል በመኪና ተገጨ፣ “ጥጋቡ ነው ያለው” ከተባለ ነገሩ አለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ ያገኘው ሀብት ቢባል ይኸው አንድ ነገር ነው።

አብዱናሲር የራሱን ወሬ ጨረሰ። የገላፊን ሰልፍ አወራ፣ የሚሌን ዝናብ አወራ፣ የአጎቱን ልጅ ሠርግ አወራ። ከዚያ ጥጋቡን አየው። ተራው የጥጋቡ ነው። ጥጋቡ ስለ ቡሎን ዋጋ ሊያወራ አፉን ከፈተ፤ የወጣችው ሉላ ናት።

ሉላ የምትባል አንዲት ልጅ ወንዙ መሀል ዛፍ ላይ ቀርታለች አለ። ከሥሯ አዞ አለ፣ ትኩሳት ይዟታል፣ ቀይ ሻሽ ግራው ቅርንጫፍ ላይ አስራለች አለ። አብዱናሲር በወጉ መሠረት ጠየቀ። የትኛው ወንዝ? አዋሽ። ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ? ሦስት። ከማን አገኘኸው? ሰመራ ካለች ራኬብ ከምትባል የተማረች ሴት። ከእሷ ጋር ሰው አለ? ብቻዋን ናት። አንተስ ለምን ዝም አልክ? ይህን ሲጠየቅ ጥጋቡ እንባው መጣ፤ ልቤ አልቻለም አለ። ልብ በሉ፣ ከመለሰው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የጎደለው አንዲት ቃል ናት፤ መጽሐፍ ነው የምትል።

አብዱናሲር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ጎማው ሲገጠም ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳና መኪናውን አስነሳ። ጥጋቡ ያኔ ሊነግረው ፈልጎ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ምን ብሎ ይንገር? የብረት ቀለበት ጆሮው ሥር ሲያልፍ ያልደነገጠ ሰው፣ በወረቀት ላይ ላለች ልጅ አለቀሰ ቢባል እስከ ገላፊ ድረስ መሳቂያ ነው። ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ አለ። ሸክሙን ለሌላ ሰው ስላካፈለ ደግሞ በሦስት ቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበው። ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ ሲተርቱ። ጥጋቡ እጁን ሳይታጠብ ወሬው አዋሽ አርባ ገባ። ሲነጋ ገዋኔ ነበር። ገዋኔ ላይ ሦስት ሰዎች ገመድ ይዘው ወንዙን ተከትለው ወጡ፤ አንደኛው፣ ያዮ የሚባለው፣ ዛፍ የመሰለው ነገር ዘንድ እዋኛለሁ ብሎ ገብቶ አንድ እግር ጫማውን ውሃ በላው። ሴቶቹ ልጅቷ ስትወጣ የምትጠጣው ወተት አዘጋጁ። ይህን ሁሉ ጥጋቡ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ከገላፊ የመጣ የማያውቀው ሾፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ቆሞ፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ስለ ሉላ አልሰማህም ወይ አለው።

ጥጋቡ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሾፌሩ ሁሉንም ነገረው፤ ትኩሳቱን፣ አዞውን፣ ሻሹን። ሻሹ ግራ በኩል ነበር፤ ገላፊ ደርሶ ሲመለስ እንኳ ወደ ቀኝ አልዞረም። ደራሲው ራሱ ቢጠየቅ እንዲህ አያስታውሰውም። ጥጋቡ ከማን ሰማህ ለማለት ብቻ አቅም አገኘ፤ ሰውዬውም፣ ጥጋቡ የሚባል የአዋሽ ሰው ነው ያለው፣ የታመነ ነው አለው።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። አብዱናሲር ነው። ሰላምታ የለም፣ ዳጉ የለም። “ሐጂ ዲኒ ሰመራ ልጃቸው ቤት ይጠብቁሃል። ይዘህ ና” አለው።

“ምኑን?”

“መጽሐፉን” አለና ዘጋ።

ለካ ሰዎቹ ልጅቷን ቢያጧት ጊዜ የወሬውን ዱካ ወደ ኋላ ተከትለው ራኬብ ቢሮ ደርሰዋል። ራኬብ ስለ ሉላ ስትጠየቅ መጀመሪያ ሳቀች፤ የጠያቂዎቹን ፊት ስታይ ሳቋን ውጣ፣ ሉላ የመጽሐፍ ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። ሐጂ ዲኒ የገዋኔ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን ሰምተው፣ የቃሉ ባለቤት በራሱ አፍ እስኪናገር ድረስ ማንም ይህን አያሳልፍ ብለው ያዙት። ጥጋቡ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አሮጌ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ተስፋነሽ ግን ልብሱን አጣጥፋ አቀረበችለት። የፈሩት ይደርሳል፣ ሂድና እንደ ወንድ ተናገር አለችው። ደግሞ ጨምራ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንዳትገልጠው፣ ሬሳህን ከሚሌ አላመጣም አለችው።

የዚያ ቀን መንገድ ለጥጋቡ ከመጽሐፍ ሁሉ የከፋ መጽሐፍ ሆነበት። አዋሽ አርባ ላይ ሁለት ሰዎች በመስኮቱ ብቅ ብለው የልጅቷን ነገር ጠየቁት። ወደዚያው እየሄድኩ ነው አላቸው። ገዋኔ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አምስት ሊትር ጄሪካን ሙሉ የግመል ወተት አምጥተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። እማማ፣ ልጅቷ እኮ፣ ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ አላስጨረሱትም፤ ቀስ ብላ ትጠጣ፣ ባዶ ሆድ ነው ብለውት ሄዱ። ሰመራ እስኪደርስ ወተቱን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ መጽሐፉን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ሰውነቱን ሁሉ እያላበው ተጓዘ።

ሰመራ ላይ ፀሐይ ከላይ ብቻ አትመጣም፤ ከአስፋልቱም ትነሳለች። የሐጂ ዲኒ ልጅ ቤት ግንብ ሥር ጥላው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሦስቱ የገዋኔ ሰዎች አሉ። አብዱናሲር አለ፤ ራቅ ብሎ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቷል። ራኬብ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቷት ጥፍሯን ትበላለች። ጥጋቡ ወተቱን መሀል ላይ አስቀምጦ ቆመ። ለአብዱናሲር ሰላምታ ቢሰጥ ሰውዬው አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። አብዱናሲር የተሸከመውን ወሬ በራሱ ስም ነው ያደረሰው፤ የጥጋቡ ቃል ከወደቀ የእሱም አብሮ ይወድቃል። ለጥጋቡ ይህ የገባው ያን ፊት ሲያይ ነው።

ተናገረ። ሁሉንም ተናገረ፤ ካታሎግ እያለ መደበቁን፣ ሦስት ቀን መጨነቁን፣ ማፈሩን። ሲጨርስ ያዮ ባዶ እግሩን አየና፣ እኔ ጫማዬን ያጣሁት ለካታሎግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሐጂ ዲኒ መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡት፣ በእጃቸው መዘኑት። ይህን የጻፈው ሰው ልጅቷን ያውቃታል ወይ ብለው ራኬብን ጠየቁ። አያውቃትም፣ ከራሱ ነው ያመጣት አለች። ውሸት መሆኑን ተናግሯል? ራኬብ የከረጢቱን ወረቀት ገለጥ አድርጋ፣ አዎ ሐጂ፣ እዚህ ሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ ብሎ ጽፏል አለች። እንግዲያውስ ሰውዬው አልዋሸም አሉ ሐጂ ዲኒ፤ ሽፋኑን ሸፍኖ ያወራው ነው የዋሸው። በጥጋቡ ላይ አንድ ፍየል ፈረዱ። ጥጋቡ ተቀበለ፤ ሁለትም ቢሉት ይቀበል ነበር። ወገቡን ጎንበስ አድርጎ አመስግኖ ሊቀመጥ ሲል ሽማግሌው በዱላቸው አቆሙት።

“ፍየሉ የውሸቱ ነው። የጎደለውስ? እነዚህ ሰዎች ለእሷ ውሃ ገብተዋል። ልጅቷ ወረደች?”

“አላውቅም ሐጂ።”

“በእጅህ ይዘሃት?”

ጥጋቡ መሬት መሬት አየ። ይህን ለሚስቱ እንኳ በቅጡ ነግሯት አያውቅም። “እፈራለሁ” አለ። “ከዘጋሁት በሕይወት ናት። ከገለጥኩት ምን እንደምትሆን አላውቅም። አንድም መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም።”

ማንም አልሳቀም። “አንተ ስለዘጋህ እሷ አልዳነችም” አሉት ሐጂ ዲኒ። “ሳምንት ሙሉ ዛፍ ላይ ትተሃት ምሳህን በላህ። ቁጭ በል። አንብብ።”

ራኬብ አዝናለት እኔ ላንብብላቸው አለች። አይሆንም፣ ወሬ የጀመረ ወሬ ይጨርሳል ተባለ። ጥጋቡ ተቀመጠ። እጁ ቡሎን እንደሚፈታ ሰው እጅ አልነበረም፤ ገጹን ለመግለጥ ሦስት ጊዜ ሞከረ። እሱ አንድ አንቀጽ ያነባል፣ የሐጂ ዲኒ ልጅ ለገዋኔ ሰዎች ወደ አፋርኛ ይመልሳል። ልማድ ሆኖበት የገጹን ታች በእጁ ሲሸፍን የሽማግሌው ዱላ መጥቶ እጁን ገፋ ያደርገዋል። ያ ነጋዴ ምሳውን ሲበላ ሦስቱ የገዋኔ ሰዎች መቁነጥነጥ ጀመሩ። ይህ ሰውዬ ማነው፣ ምሳውን ትቶ ገመድ አያመጣም ወይ አሉ። ነጋዴው እጁን ታጥቦ ቡና ያዘዘ ጊዜማ ያዮ ተነስቶ ቆመ። ጥጋቡ ቀና ብሎ አያቸው። አንደኛው የጥርስ መፋቂያውን ነክሶ ሰብሮታል። ሌላው መዳፉን በሽርጡ ይጠርጋል። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን የታመመው በሽታ የሁሉም ሆኖ አገኘውና ድምፁ ትንሽ ጠና አለ።

ውሃው ዛፉን ሲነቅለው፣ ሉላ ከግንዱ ጋር ተያይዛ ስትወሰድ፣ አዛን ተሰማ። የአስር ሶላት ነው። ሰዎቹ ሊሰግዱ ተነሱ። ሐጂ ዲኒ ሲሄዱ ዞር ብለው፣ እስክንመለስ እንዳትገልጥ አሉት። እናንተዬ፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ግለጥ ሲሉት ያልገለጠ ነው። አሁን አውራ ጣቱ ገጹ መሀል ገብቶ እንደ እሳት አቃጠለው። ራኬብን፣ አንዲት መስመር ብቻ ብሎ ለመናት። ራኬብ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ ሳቋ መጣና እስኪበቃት ሳቀችበት።

ተመለሱ። የሴትዮዋ ወተት በብርጭቆ ዞረ፤ ልጅቷ ከውሃው እስክትወጣ ይጠጣ ተባለ። ግንዱ አሸዋ ላይ ተጠጋ። ሉላ በእንብርክኳ ወጣች። ያዮ አላህን አመሰገነ፤ ጥጋቡም አማተበ። ከዚያ በኋላ ንባቡ ፈጠነ። ልጅቷ ቁጥቋጦውን አቋርጣ በእግሯ ተጎተተች፤ ጫማ የላትም፣ ድምፅ የላትም። በመጨረሻ አስፋልት አገኘች። ከሩቅ ከባድ መኪና መጣ። እጇን ዘረጋች። መኪናው ፍጥነቱን የቀነሰ መሰላት።

ጥጋቡ ገጹን ገለጠ። ነጭ ነው። ቀጣዩንም ገለጠ፤ የማተሚያ ቤት ስልክ ነው።

“ቀጥል” አሉ ሐጂ ዲኒ።

“አለቀ።”

“ምኑ?”

“መጽሐፉ።”

ሁሉም ወደ ራኬብ ዞሩ። ራኬብ ፊቷ ቀልቶ፣ ደራሲዎች አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ፣ የቀረውን አንባቢው እንዲያስበው ነው አለች። ይህን የሐጂ ዲኒ ልጅ ሲተረጉመው ጥላው ሥር ሁከት ሆነ። ያዮ፣ እኔ ወንዝ የገባሁት ለማሰብ ነው ወይ አለ። ሐጂ ዲኒ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። ወሬ ጀምሮ ግማሹን ኪሱ ያስቀረ ሰው በየትኛውም አገር ጥፋተኛ ነው ብለው ደራሲው ላይ ሁለት ፍየል ፈረዱበት። ራኬብ ፈራ ተባ እያለች ደራሲው አዲስ አበባ እንደሆነ ተናገረች። መንገዱ አዲስ አበባ ይደርሳል አሏት።

ከዚያ ወደ ጥጋቡ ዞሩ። ነገሩ ወደ መጣበት መመለስ አለበት። ነገ በሰመራና በአዋሽ መካከል ባለ ማረፊያ ሁሉ ወርዶ፣ ሉላ የመጽሐፍ ልጅ መሆኗን በራሱ አፍ ይናገራል። ሰው ግን ይህን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም።

“ምን ትላቸዋለህ?” አሉት። “መኪናው ቆመላት? አልቆመላትም?”

ሁሉም አዩት፤ አብዱናሲርም ከግንቡ ሥር ቀና አለ። ቆመላት ብሎ አንዲት ቃል ቢናገር ሁሉም ደስ ይላቸዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚያርፈው እሱ ራሱ ነው። ማን ያውቅበታል? ገጹ ነጭ ነው።

“አላውቅም” አለ ጥጋቡ። “ደራሲው አልነገረኝም፤ እኔም አላየሁም።”

ሐጂ ዲኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አሁን ዳጉ ነገርክ” አሉት።

ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉ አብዱናሲር መጥቶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። “ጥጋቡ፣ ይህን ጨምርበት። ከአብዱናሲር ሰማሁ በል። ቆሟል” አለው።

ሽማግሌው ፊታቸውን አጠቆሩ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢል አራተኛ ፍየል ነበር። “አይተሃል?” አሉት።

“አላየሁም ሐጂ። በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ እጇን ዘርግታ የቆመች ልጅ ጥሎ ያለፈ ሾፌር አላውቅም። ልጅቷን ደራሲው ይወቃት። ሾፌሩን እኔ አውቀዋለሁ።”

ጥጋቡ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ የሐጂ ዲኒን አፍ ይጠብቅ ነበር።

“ይነገር” አሉ።